ግድያው የማይታይበት የወንጀል ፊልም

በወንጀል ፊልም ውስጥ ስላለ ተምሳሌት ሲወራ ጨዋታው ቶሎ ወደ ዕቃ ቆጠራ ያዘነብላል። ቀዩ መጋረጃ ደም ነው፣ የተሰነጠቀው መስታወት የተከፈለ ልብ ነው፣ ዝናቡ ኀዘን ነው ይባላል። ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 የሠራው «ኤም» እንዲህ ላለው ፍቺ አይመችም። በውስጡ ያሉት ነገሮች ተራ ናቸው፤ የልጅ ኳስ፣ ፊኛ፣ ባዶ ሳህን፣ ጠመኔ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ብቻቸውን ቢታዩ ምንም አይሉም። መናገር የሚጀምሩት ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ነው፤ መጀመሪያ ከሰው እጅ ጋር እናያቸዋለን፣ በኋላ ያለ እጁ ይመለሳሉ። በመካከሉ የሆነውን ማንም አያሳየንም፤ ራሳችን እንሞላዋለን። በዚህ ፊልም ምልክቱን የሚሠራው ዕቃው ሳይሆን ከቱ፣ ማለትም ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው የሚቆረጥበት ቦታ ነው።

ላላየው፣ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሃንስ ቤከርት የሚባል ሰው (ፒተር ሎሬ ይጫወተዋል) በአንድ ትልቅ የጀርመን ከተማ ሕፃናትን ይገድላል። ፖሊስ ሌት ተቀን ሲያስስ የሌቦቹ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ እነሱም በበኩላቸው ለማኞችን አሰማርተው ገዳዩን ያድናሉ። ቀድመው የሚይዙት እነሱ ናቸው። በተዘጋ የአረቄ ፋብሪካ ውስጥ ችሎት ተቀምጠው ይዳኙታል። ለላንግ የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልም ነው። ከባለቤቱ ከቴያ ፎን ሃርቡ ጋር ጻፈው፣ ፍሪትዝ አርኖ ቫግነር ቀረጸው፣ ፓውል ፋልከንበርግ ኤዲት አደረገው። አንድም የጀርባ ሙዚቃ የለውም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ከት በከት ማየት ያዋጣል። ልጆች ክብ ሠርተው በግቢ ውስጥ ይጫወታሉ። አንዷ እየቆጠረች የምትለው ግጥም ስለ ገዳይ ነው፤ የደረሰባት ልጅ ትወጣለች። አንዲት ሴት ከፎቅ ሆና ትቆጣቸዋለች፣ እነሱ ግን ዘወር ስትል ይቀጥላሉ። ከዚያ ወይዘሮ ቤክማን ልብስ ስታጥብ እናያለን። ሰዓቱ እኩለ ቀን ይመታል፤ ፊቷ ይፈካል፣ ልጇ ኤልሲ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ነው። ኤልሲ በመንገድ ላይ ኳሷን እያነጠረች ትመጣለች፤ አንድ ፖሊስ መኪና አስቁሞ ያሻግራታል። ቀጥላ ኳሱን በማስታወቂያ ምሰሶ ላይ ትወረውራለች። ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ገዳዩን ለጠቆመ 10,000 ማርክ ሽልማት የሚል ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የሰው ጥላ ያርፋል፤ ጥላው ጎንበስ ብሎ ኳሷ እንደምታምር ይነግራታል፣ ስሟንም ይጠይቃታል።

እዚህ ላይ ጥላው የክፋት ምልክት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ዋናው ነገር ግን ጥላው የት እንዳረፈ ነው። ካሜራው ወረቀቱን እንድናነብ ጊዜ ሰጥቶናል፤ ስለዚህ ጥላው ሲመጣ ማን እንደሆነ የነገረን ጽሑፉ እንጂ ጨለማው አይደለም። ይህን መሞከር የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ያስብ። አንደኛ፣ ጽሑፉ ከመሸፈኑ በፊት ተመልካቹ ሁለት ጊዜ ሊያነበው የሚችልበት ጊዜ ይስጥ፤ ራሱ ድምፁን አውጥቶ ሁለቴ አንብቦ ይለካው። ሁለተኛ፣ የጥላው ጠርዝ ሹል እንዲሆን የብርሃኑ ምንጭ ትንሽ፣ ከሰውየውም ራቅ ያለ ይሁን። ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ ሳጥን) ወይም ነጭ ጨርቅ ከፊቱ የተንጠለጠለበት መብራት ጠርዙን ያሟሟዋል፤ የሰው ቅርጽ መሆኑ ይቀርና ጭጋግ ይመስላል። ሰውየው ከግድግዳው በራቀ ቁጥር ጥላው ይተልቃል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። ሁለቱን ማመጣጠን የሚቻለው በቦታው ላይ ቆሞ በማየት ብቻ ነው።

ከዚያ ፊልሙ በእናትና በልጅ መካከል ይመላለሳል። እናት ገበታ ታቀርባለች። በደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማል፤ ሌሎች ልጆች ናቸው። ቤከርት ከዓይነ ስውሩ ሻጭ ፊኛ ይገዛላታል፣ እየገዛም ያፏጫል። እናት እንደገና ሰዓቱን ታያለች። በሩ ይደወላል፤ ተከታታይ ልብ ወለድ የሚሸጥ ሰው ነው። ከእነዚህ የእናትየው ትዕይንቶች አንዳቸውም ለብቻው አያስፈራም። የሚያስፈራው የኮቴውና የበሩ ድምፅ በየጊዜው ተስፋ እየሰጠ መንሳቱ ነው። በመጨረሻ በመስኮት ወጥታ የልጇን ስም ትጣራለች።

አምስቱ ምስሎች የሚመጡት አሁን ነው። ከላይ ወደ ታች የሚታየው ባዶ የደረጃ መውጫ። ልብስ የተሰጣበት ባዶ የጣሪያ ሥር ክፍል። የኤልሲ ሳህንና ወንበር። ከቁጥቋጦ ተንከባልሎ ወጥቶ የሚቆም ኳስ። በሽቦ ላይ ተይዞ ቆይቶ ነፋስ የሚወስደው ፊኛ። የእናትየው ጥሪ በባዶ ቦታዎቹ ላይ እየራቀ ይሰማል፤ ኳሱና ፊኛው ላይ ሲደረስ ድምፅ የለም። ከዚያ ጨለማ።

ግድያው ይኸው ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ከአምስቱ አራቱን አስቀድመን በተራ ሥራቸው አይተናቸዋል። በደረጃው ሰዎች ወጥተዋል፣ ሳህኑን እናት አስቀምጣለች፣ ኳሱን ልጅቷ አንጥራለች፣ ፊኛውን እጇ ይዟል። ይህ ዝግጅት ባይኖር የሚንከባለለው ኳስ የሚንከባለል ኳስ ብቻ ይሆን ነበር። ብዙ አጫጭር የወንጀል ፊልሞች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ መሬት ላይ የወደቀ አሻንጉሊት ያሳዩናል፣ አሻንጉሊቱን ግን በልጁ እጅ አይተነው አናውቅም። በሙዚቃ ሊያስለቅሱን ይሞክራሉ። እኔ ለጀማሪ ኤዲተር የምሰጠው ልክ እንዲህ ነው፦ ትርጉም እንዲሸከም የፈለግኸው ዕቃ ከዚያ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ለሥራ፣ ማንም ሳያተኩርበት ይታይ። በሦስተኛው ብቻ ለብቻው ፍሬም ስጠው። ኤልሲ ኳሷን በመንገድ አነጠረች፣ በምሰሶ ወረወረች፤ ሦስተኛው ቁጥቋጦው ነው።

ድምፁን በተመለከተ ሥራው የበለጠ ስስ ነው። ዛሬ ማንኛውም የኤዲቲንግ ፕሮግራም የአንዱን ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ ምስል) ድምፅ በሌላው ምስል ላይ ለማሳለፍ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። ችግሩ ስለቀለለ ብቻ መደረጉ ነው። ለተለመደ ንግግር በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ባለው ፊልም ከ10 እስከ 18 ፍሬም የሚሆን መቅደም ወይም መከተል ይበቃል፤ ዓይን ሳያውቅ ጆሮ ይሻገራል። ከአንድ ሰከንድ ሲያልፍ ግን ተመልካቹ ድምፁን ከአዲሱ ቦታ ጋር ያገናኘዋል፤ ያን ጊዜ ሽግግር መሆኑ ይቀርና አባባል ይሆናል። የወይዘሮ ቤክማን ጥሪ አባባል ነው። እናት የሌለችበትን ቦታ ሁሉ ይፈትሻል፤ ካሜራው የሚሄደው ድምፁ በሄደበት ነው።

ይህን ለመሥራት አንዱን ቅጂ ወስዶ ድምፁን በየሾቱ መቀነስ አያዋጣም። ሬዲዮ ሲቀንሱ ያለው ዓይነት ይመጣል፤ ድምፁ ያንሳል እንጂ አይርቅም። ርቀት የሚሰማው ድምፁ ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ ነው። ተዋናይዋን በእውነተኛ ደረጃ ላይ አቁሞ ማይክሮፎኑን አንድ ሜትር ላይ፣ ከዚያ አንድ ፎቅ ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያ ምድር ቤት አስቀምጦ ሦስት ጊዜ መቅዳት ነው የሚሻለው። ጥሪውም በሦስቱም አንድ ዓይነት አይሁን፤ መጀመሪያ ቁጣ፣ ቀጥሎ ጥያቄ፣ በኋላ ፍርሃት። በእያንዳንዱ ቦታ ማንም ሳይናገር ከ30 እስከ 60 ሰከንድ የክፍሉን ዝምታ መቅዳት ደግሞ አይረሳ። ኳሱ ላይ ዝም የሚባለው ባዶ ትራክ ከሆነ ተመልካቹ ድምፅ ማጉያው የተበላሸ ይመስለዋል፤ የቦታው አየር ካለበት ግን ዝምታ ሆኖ ይሰማል።

ሙዚቃ ስለሌለው ፊልሙ አንድ ዜማ ብቻ ይዟል፤ የቤከርት ፉጨት። ከሙዚቃ ደራሲው ከኤድቫርድ ግሪግ ሥራ ከ«ፔር ጊንት» የተወሰደ ነው። ሎሬ ማፏጨት ስለማይችል ያፏጨው ሌላ ሰው ነው፤ ተዋናዩን ሲያፏጭ የምናየውም ብዙ ጊዜ ከጀርባ ወይም ከጎን፣ አንድ ጊዜም ከካፌ ሐረግ ጀርባ ነው። ከከንፈር ጋር ማገጣጠም የሚያስቸግር ድምፅ ያለው ሰው ይህን ዘዴ ልብ ይበል። ፉጨቱ እንደ ኳሱ ሁሉ በሽግግር የሚኖር ነው፤ ፊኛው ሲገዛ ተሰማ፣ ገዳዩ ሌላ ልጅ ሲከተል ተሰማ፣ በመጨረሻ ዓይነ ስውሩ ፊኛ ሻጭ ሰምቶ ያውቀዋል። ላንግ የሰውየውን ጆሮ አስቀድሞ አዘጋጅቶልናል፤ በለማኞቹ ገበያ ላይ ከቅኝት የወጣ የእጅ ኦርጋን ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል፣ ሲይዝ የእኛም ድምፅ ይቋረጣል፣ ሲለቅ ይመለሳል። ቀልድ ይመስላል። ግን ለጥቂት ጊዜ የእሱን ጆሮ አበድሮናል፤ ለዚህ ነው በኋላ ፉጨቱን ሲለይ የማንጠራጠረው። በፊልሙ ላይ ሌላ ሙዚቃ ቢደረብ ኖሮ ይህ ሁሉ ይሰምጥ ነበር።

ስለ ሁለቱ ስብሰባዎች ብዙ ተጽፏል፤ ቢሆንም የከቱ አሠራር ሲተነተን ብዙም አይታይም። በአንድ ክፍል የፖሊስ አለቆች፣ በሌላው የወንበዴ አለቆች ስለ አንድ ሰው ይመክራሉ። የወንበዴዎቹ መሪ ሽሬንከር ንግግር ጀምሮ እጁን በሰፊው ይዘረጋል፤ የእጁን እንቅስቃሴም ዓረፍተ ነገሩንም የሚጨርሰው በሌላ ክፍል ያለው የፖሊስ አዛዥ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሎቹ እየተፈራረቁ በሲጋራ ጭስ ይሞላሉ፣ እስከ መጨረሻው ማን የት እንደተቀመጠ ለመለየት ዓይን ይደክማል።

ይህ ከት የሚሠራው አንድ ነገር ተመሳሳይ፣ አንድ ነገር ደግሞ ፍጹም የተለየ ስለሆነ ነው። እጁ አንድ ነው፤ ልብሱ ሌላ ነው። ሁሉም ነገር ቢመሳሰል ተመልካቹ ቦታ መቀየሩን አያውቅም፤ ሁሉም ቢለያይ ደግሞ አያያይዘውም። አሠራሩ ከቀረጻ በፊት ይጀምራል። የመጀመሪያውን ሾት ስትጨርስ የካሜራውን ከፍታ በሜትር፣ ሌንሱን፣ ከተዋናዩ ያለውን ርቀት፣ እጁ ከየት ወደየት እንደሄደ ጻፍ። ሁለተኛው ተዋናይ እንቅስቃሴውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉውን ይድገም፣ ከግማሹ አያስጀምሩት፤ ከቆመ እጅ የሚጀምር ሾት ሁልጊዜ ይደናቀፋል። ከቱ እጁ በጣም ፈጥኖ በሚንቀሳቀስበት ፍሬም ላይ ይሁን፤ ዓይን ያን ጊዜ እጁን እየተከተለ ስለሆነ ሌላውን አይመረምርም። ሁለተኛው ሾት ከሁለት እስከ ሦስት ፍሬም ወደ ኋላ ተመልሶ ቢጀምር ይለሰልሳል፤ ልክ በልክ ከተገጠመ እንቅስቃሴው የዘለለ ይመስላል። በብዛት የሚበላሸው አቅጣጫው ነው። አንዱ በቀኝ እጁ፣ ሌላው በግራው ከሆነ ከቱ መስታወት ይሆናል፣ መደጋገፉም ይጠፋል።

በመካከል አንድ ትንሽ ነገር፦ ሁለት ምስክሮች በኢንስፔክተሩ ፊት የልጅቷ ቆብ ቀይ ነበር፣ አረንጓዴ ነበር ብለው ይጨቃጨቃሉ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ዳኝነት ልንሰጥ አንችልም፤ ላንግ ይህን ያለ ምክንያት አላደረገውም ብዬ አምናለሁ።

ፊልሙ ስሙን ያገኘበት ፊደል ላይ እንድረስ። ቤከርትን ከሚከታተሉት አንዱ ወጣት በጠመኔ መዳፉ ላይ «ኤም» ይጽፋል፤ በጀርመንኛ የገዳይ የመጀመሪያ ፊደል ነው። ቤከርት ብርቱካን ልጦ ልጣጩን ጥሏል፤ ወጣቱ በልጣጩ እንደተንሸራተተ ሆኖ የቤከርትን ትከሻ ይመታና ፊደሉን ያትምበታል። ተራው ልጣጭ እዚህም ሥራ አግኝቷል። ቀጥሎ አብራው ያለችው ትንሽ ልጅ ትከሻው እንደቆሸሸ ትነግረዋለች፣ ዞሮ በመስታወት ያያል። መታወቁን የሚረዳው ሊጎዳት ካሰባት ልጅ አፍ ነው።

ስለ ሥራው ካየነው ፊደሉ ሁለት ጎኑ እኩል ነው፤ ስለዚህ በመዳፍ ላይ፣ በኮት ላይ፣ በመስታወት ውስጥም ያው ሆኖ ይነበባል። በእኛ ፊደል ቢሠራና «ገ» ቢጻፍ ከመዳፍ ወደ ኮት ሲታተም ይገለበጣል። መዳፉ ላይ ገልብጠው ቢጽፉት ኮቱ ላይ ይቃናል፣ መስታወት ውስጥ ግን እንደገና ይገለበጣል። «መ» ቢሆን ይተርፍ ነበር። ሌላው ችግር ጠመኔው ራሱ ነው። ከጨርቅ ላይ በየእንቅስቃሴው ይራገፋል፣ ትዕይንቱ ደግሞ በአንድ ቀን አይቀረጽም። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ ትከሻውን በቅርብ ፎቶ ማንሳት፣ ፊደሉን በካርቶን ቆርጦ ለማደሻ ማስቀመጥ፣ ካላስቸገረ ሁለት ተመሳሳይ ኮት መያዝ ያስፈልጋል። ለስላሳ ጨርቅ ጠመኔ አይይዝም፤ ሻካራ ጥቁር ሱፍ ይይዛል።

ከዚያ በፊት የሚመጣው የቢላዋው መስኮት ለካሜራ ሰው ትምህርት ቤት ነው። ቤከርት ፖም እየበላ በሱቅ መስታወት ፊት ይቆማል፤ በቅርጽ የተደረደሩት ቢላዎች ነጸብራቅ ፊቱን ይከብበዋል። ቀጥሎ እሱ የሚያየውን እናያለን፤ በቢላዎች በተከበበ መስታወት ውስጥ የቆመች ልጅ። አዳኙና ታዳኟ በአንድ ዓይነት ክፈፍ ገቡ፤ ክፈፉ ደግሞ ስለት ነው። ሰውየው ይንገዳገዳል፣ አፉን ይጠርጋል። ልጅቷ ስትሄድ ይከተላታል፣ ፉጨቱም ይጀምራል።

ነጸብራቅ ለመቅረጽ ሂሳቡ ይህ ነው። ተራ መስታወት ከፊት ለፊት ከሚመታው ብርሃን ወደ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ይመልሳል። ስለዚህ የሚንጸባረቀው ነገር ከመስታወቱ ጀርባ ካለው ጋር እኩል እንዲታይ ከ11 እስከ 12 እጥፍ ያህል ብርሃን ይፈልጋል፤ ወይም ከጀርባ ያለው መጨለም አለበት። ፎከስም ያታልላል። ካሜራው ከመስታወቱ 1.5 ሜትር፣ የሚንጸባረቀው ሰው ደግሞ ከመስታወቱ 1 ሜትር ላይ ቢቆም ሌንሱ የሚስተካከለው በ2.5 ሜትር ነው እንጂ በመስታወቱ ርቀት አይደለም። ከመስታወቱ ጀርባ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ቢላዋ በ1.8 ሜትር ነው። ሁለቱንም ጥርት ለማድረግ የሌንሱን ቀዳዳ ከኤፍ 2 ወደ ኤፍ 8 ማጥበብ ካስፈለገ 16 እጥፍ ብርሃን ይጨመራል። በዘመናዊ ሱቅ ያለው ድርብ መስታወት ነጸብራቁን ያባዛዋል፤ ፊት ላይ ሁለት አፍንጫ ይወጣል። ነጠላ መስታወት አስገጥሞ መሥራት ነው። ካሜራው ራሱ እንዳይታይ ትንሽ ወደ ጎን ማዘንበል፣ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ መስቀልም ግድ ነው። የፖላራይዘር ማጣሪያ (ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት) ሌንሱ ላይ ተረስቶ ከቀረ ደግሞ፣ ካሜራው ሰያፍ በቆመ ቁጥር ያን ሁሉ የተደከመበትን ነጸብራቅ ይበላዋል።

ልጅቷ እናቷን አግኝታ ከዳነች በኋላ ቤከርት የሚሸሸግበት ሌላ የሱቅ መስኮት አለ። በውስጡ የሚሽከረከር ጥምዝ መስመርና ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ቀስት ይታያል። ይህን እኔ ብዙም አልወደውም። ዕቃው ገና ሲታይ ነው ትርጉሙን የሚጮኸው፤ ከዚህ በፊት ለተራ ሥራ አላየነውም፣ በኋላም ተለውጦ አይመለስም። ፊልሙ ራሱ ባስተማረን ደንብ ስንመዝነው ጎደሎ ነው።

ፊኛው ግን ይመለሳል። በአረቄው ፋብሪካ ቤከርት ስሕተት ተፈጥሯል እያለ ሲለምን ከኋላው እጅ መጥቶ ትከሻው ላይ ያርፋል፤ ዓይነ ስውሩ ነው፣ ስሕተት የለም ይለዋል። ተመሳሳይ ፊኛም ይዞ ያሳየዋል። ሽቦው ላይ ከተለየን ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗል፤ ቢሆንም ማስታወሻ ምስል አልተጨመረም፣ የኤልሲ ፊትም ደግሞ አይታይም። ዛሬ ብዙ አዘጋጆች እዚህ ላይ የድሮውን ሾት በድብዝዝ ቀለም መልሰው ያስገባሉ። እንዲህ ማድረግ ተመልካቹን አለማመን ነው፤ ፊኛው በደንብ ከተተከለ ማስታወሻ አያሻውም።

ትከሻውን ሦስት እጅ ነክቶታል። የመጀመሪያው ፊደሉን አተመበት፣ ሁለተኛው መሰከረበት። ሦስተኛው የሚመጣው ሕዝቡ ሊገድለው ሲነሣ ነው። ድንገት ሁሉም ቆመው እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። ፖሊሶቹን አናይም፤ በሩን፣ ደንብ ልብሱን፣ መሣሪያውን አናይም። አንድ እጅ ብቻ ትከሻው ላይ ያርፋል፣ በሕግ ስም የሚል ድምፅም ይሰማል። ከዚያ ከት፤ ዳኞች ገብተው ይቀመጣሉ፣ በሕዝብ ስም ብለው ፍርድ ማንበብ ይጀምራሉ። ፍርዱ ምን እንደሆነ ሳንሰማ ወደ እናቶቹ እንሻገራለን። እስሩ፣ ምርመራው፣ የክርክሩ ቀናት ሁሉ የተዘለሉት በሁለቱ ተመሳሳይ አባባሎች መካከል ነው። ይህን የሚኮርጅ ሰው ሁለተኛው ሐረግ ከመጀመሪያው በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ ውስጥ መድረሱን ያረጋግጥ። በመካከሉ የችሎቱን ሕንፃ ከውጭ የሚያሳይ ሾት ከገባ ጆሮ የመጀመሪያውን ይረሳዋል፣ የቀረውም ተራ የቦታ ለውጥ ይሆናል።